ዴልሂ ለሕክምና ለሚሄድ ሰው የትኛው ሲም ይሻላል? የሐዋሳ ልጆች ክር ከነመልሶቹ

በሐዋሳ ልጆች የኢንተርኔት መድረክ ላይ ይህን ክር፣ ማለትም ጥያቄና መልስ የሚከታተልበትን ውይይት፣ የከፈተው አቶቴ አካባቢ የሚኖር ወጣት ነው። እናቱን ለልብ ሕክምና ዴልሂ ሊወስድ ነው። ቪዛው ወጥቷል፣ ትኬቱ ተቆርጧል፣ የቀረው የስልኩ ነገር ነው። ሦስት መንገድ አስቀመጠ። የኢትዮጵያውን መስመር በሮሚንግ፣ ማለትም በውጭ አገር ኔትወርክ እየሠራ፣ ይዞ መሄድ፣ ዴልሂ ኤርፖርት ሲደርስ የአገሩን ቅድመ ክፍያ ሲም መግዛት፣ ወይም ሰው ሁሉ የሚያወራለትን ኢሲም (ያለ ፕላስቲክ ካርድ በኮድ ስልክ ላይ የሚጫነውን ሲም) ከዚሁ አዘጋጅቶ መውጣት። የትኛው ይረክሳል ብሎ ጠየቀ። መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጨመረ። እሱ በሌለበት ሱቁን የሚጠብቀው ወንድሙ ነው፤ ለዕቃ አቅራቢዎች የሚከፈለው ግን ከእሱ ቴሌብርና ከእሱ የባንክ አፕ ነው።

ስልክ መሸጥና መጠገን ሥራዬ ነው። ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ከመነሳቱ በፊት ሱቄ ጎራ ይላል፤ ሁሉም የሚጀምረው በዋጋ ነው። እኔ ግን ከጥያቄው ሁሉ ዓይኔ ያረፈው በመጨረሻዋ መስመር ላይ ነው። አገር ቤት ያለው ገንዘብህ በቁጥርህ ላይ ተንጠልጥሎ እያለ የሲም ምርጫ የዋጋ ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም። ክሩ እዚህ ነጥብ ላይ እስኪደርስ ብዙ ዞሯል። ቢሆንም መንገድ ላይ የወጣው ነገር ለብዙ ሰው ስለሚጠቅም ከነቁጥሩ አስቀምጬዋለሁ።

መልስ 1 ነገሩን በአንድ መስመር ዘጋው፤ ኤርፖርት ግዛና ተገላገል አለ። መልስ 2 ደገፈው። ዕቃ ለማምጣት ዱባይ የሚመላለስ ነጋዴ ነው። ፓስፖርቱን አሳይቶ ሲሙን ተቀብሎ ገና ታክሲ ሳይዝ ኢንተርኔቱ እንደሚሠራለት ጻፈ። ዱባይ ላይ እውነቱን ነው።

መልስ 3 በጨዋ ደንብ አረመው። ሕንድ እንደ ዱባይ አይደለችም አለ። እዚያ ለውጭ ዜጋ ሲም ሲሸጥ ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ ፎቶግራፍና የሚያርፉበት አድራሻ ይጠየቃል። ሲሙ እጅ ከገባ በኋላም መስመሩ ወዲያው ላይከፈት ይችላል። ሰዓታት የሚፈጅበት፣ ለማግስቱ የሚያድርበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ የመጀመሪያዋን ሌሊት የሕንድ ሲም የለኝም ብለህ ተዘጋጅ ብሎ መከረው።

መልስ 4ን ደግሜ አነበብኩት። ሪፈራል አካባቢ የምትኖር ሴት ናት፤ አባቷን ሕንድ አሳክማ ተመልሳለች። የሆስፒታሉ ሹፌር ስማቸውን በወረቀት ጽፎ አንድ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ እነሱ በሌላ በር ወጡ። የኤርፖርቱን ዋይፋይ ልትከፍት ስትል ስልክ ቁጥር አስገቢ አላት። ኮዱ የሚመጣው በአጭር መልእክት ነው። የኢትዮጵያ ሲሟን ደግሞ እንዳይጠፋብኝ ብላ ሐዋሳ ቤቷ መሳቢያ ውስጥ ትታዋለች። አባቷ ዊልቸር ላይ ናቸው፣ ከረጅም በረራ ነው የወረዱት፣ እሷ ከበር ወደ በር ትሮጣለች። በመጨረሻ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ በራሱ ስልክ ደውሎ አገናኛት። በማግስቱ የሆስፒታሉ የውጭ ታካሚዎች ክፍል ሲም አወጣላት።

ከዚህ በመነሳት ሁለት ምክር ሰጠችው። አሁኑኑ ለሆስፒታሉ ጽፈህ ሲም ታወጡልናላችሁ ወይ ብለህ ጠይቅ፤ ብዙዎቹ ለውጭ ታካሚ ይህን ያደርጋሉ። ሁለተኛ፣ የሹፌሩን ቁጥርና የሆስፒታሉን አድራሻ በስልክህ ብቻ ሳይሆን በወረቀትም ያዝ። ይህን የጻፈችው ራሷ አይታ ስለሆነ ክብደት አለው።

ከመልስ 5 ጀምሮ ድምፅ ከፍ አለ። አንድ ወጣት በዚህ ዘመን ኤርፖርት ለሲም መሰለፍ ኋላ ቀርነት ነው አለ። ኢሲም ቤትህ ቁጭ ብለህ ትገዛለህ፣ ኪዩአር ኮዱን ታነሳለህ፣ አውሮፕላኑ ሲያርፍ ትከፍተዋለህ። መልስ 6 በቁጣ መጣ፤ በምን ካርድ ነው የምትከፍለው? በብር የሚሠራው የኤቲኤም ካርድ ውጭ ድረ ገጽ ላይ አይከፍልም። የውጭ ምንዛሪ የተሞላበት ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ያስፈልጋል፤ እሱን ለማግኘት ፓስፖርትህን፣ ቪዛህንና ትኬትህን ይዘህ ባንክ መሄድ አለብህ። መልስ 7 ላይ ያ የኢሲሙ ልጅ ተመልሶ አሜሪካ ያለችው የአክስቱ ልጅ ገዝታ ኮዱን በቴሌግራም እንደላከችለት ተናገረ። ዘመድ የሌለውስ ምን ያድርግ የሚል ንትርክ ተከተለ። ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ የጎደለው መከባበሩ ነው።

መልስ 8 የእኔ ነው። ከክርክሩ በፊት ስልክህን እይ አልኩት። *#06# ደውል። ከአይኤምኢአይ (የስልኩ መለያ) ቁጥሮቹ በተጨማሪ ኢአይዲ የሚል ረጅም ቁጥር ከወጣ ስልክህ ኢሲም ይቀበላል። ካልወጣ ባይቀበል ነው። አይፎን ላይ ኢሲም የመጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጡት ከኤክስኤስና ከኤክስአር ጀምሮ ነው። ሳምሰንግ ከኤስ20 ጀምሮ ያሉት የኤስ ስልኮች በአብዛኛው ይቀበላሉ፤ በእኛ ከተማ በብዛት የሚሸጡት ርካሾቹ የኤ ስልኮች ግን ብዙዎቹ አይቀበሉም።

ስልኩ ከየት እንደመጣም ማየት ያስፈልጋል። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት አይፎኖች ከ14 ጀምሮ የሲም ማስገቢያ ጭራሽ የላቸውም። ዘመድ ከአሜሪካ የላከላችሁን አይፎን ይዛችሁ ዴልሂ ብትወርዱ፣ የምትገዙት ፕላስቲክ ሲም የሚገባበት ቦታ የለም። ለቻይና ገበያ የወጡት ደግሞ በተቃራኒው አብዛኞቹ ሁለት ሲም በአካል ይወስዳሉ፤ ኢሲም ግን የላቸውም። ከአሜሪካ የመጣ ስልክ ሎክ፣ ማለትም በአንድ ኩባንያ ሲም ብቻ እንዲሠራ የተዘጋ፣ ሊሆንም ይችላል። አይፎን ላይ ሴቲንግ፣ ጀነራል፣ አባውት ውስጥ ገብታችሁ ካሪየር ሎክ የሚለውን እዩ፤ ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ ካለ ነፃ ነው። ሌላ ስልክ ላይ የጓደኛችሁን የሌላ ኩባንያ ሲም አስገብታችሁ ሞክሩ። ይህን ሐዋሳ ሳላችሁ ነው መጨረስ ያለባችሁ።

ስለ ኢሲሙ ደግሞ ሦስት ነገር ጨመርኩ። ኮዱ ሲጫን ኢንተርኔት ስለሚፈልግ ቤት ዋይፋይ እያላችሁ ጫኑት። ከጫናችሁት በኋላ አታጥፉት፤ አብዛኛው ኮድ የሚሠራው አንዴ ብቻ ነው። ለመንገደኛ የሚሸጡት ብዙዎቹ የዳታ ብቻ ናቸው፤ ስልክ ቁጥር የላቸውም፣ አጭር መልእክት አይቀበሉም። ዋትስአፕ ይሠራል፤ ሹፌሩ በመደበኛ መስመር ሊደውልላችሁ ቢፈልግ ግን የሚደውልበት ቁጥር የለም።

መልስ 9 ላይ የክሩ ባለቤት ተመለሰ። *#06# ደውሎ ሁለት አይኤምኢአይ ወጣለት፤ ኢአይዲ የለም። በዚህ የኢሲም ምዕራፍ ለእሱ ተዘጋ። ሁለት ሲም በአካል የሚወስድ ሳምሰንግ ነው የያዘው፤ እኔ ለዚህ ጉዞ ከዚህ የተሻለ አልመኝለትም ነበር።

መልስ 10 ነገሩን ወደ ቦታው መለሰው። ባንክ የሚሠራ ሰው ነው። ሰዎች ሲማቸውን ቤት ትተው ይሄዳሉ፤ ከዚያ ውጭ ሆነው አፑ ሲዘጋባቸው ወይም ስልክ ሲቀይሩ የማረጋገጫ ኮዱ የሚሄደው መሳቢያ ውስጥ ወደተቀመጠው ሲም ነው። ቴሌብርም አዲስ ስልክ ላይ ሲከፈት እንዲሁ ኮድ ይልካል። ሲሙን ለወንድምህ ሰጥተህ ኮዱን በስልክ እንዲነግርህ ማድረግም ጥሩ አይደለም ብሎ አስጠነቀቀ። የሚስጥር ቁጥርህንና ሲምህን አንድ ላይ ለሌላ ሰው ከሰጠህ በኋላ ስህተት ቢፈጠር የሚጠየቅ የለም፤ ወንድማማቾችም በገንዘብ ተቀያይመዋል። ቁጥሩ ከአንተ ጋር ይሂድ አለ። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። የውጭውን ሲም ከመምረጣችሁ በፊት የአገር ቤቱ ቁጥር የት እንደሚቀመጥ ወስኑ።

መልስ 11 ተቆጣ። ሮሚንግ ሰው ያደኸያል አለ። ጎረቤት አገር ወርዶ ስልኩን እንደከፈተ የሞላው ሂሳብ በደቂቃዎች ውስጥ ዜሮ ሆኖበታል። ምክር የምትሰጡት ከፍላችሁ ስለማታውቁ ነው ብሎ ሁላችንንም ገሰጸ።

መልስ 12 አልተቆጣም። በእርጋታ ለያየው። የሰውየውን ሂሳብ የበላው ዳታው ነው። ስልኩ ሲከፈት ፎቶው፣ ቴሌግራሙ፣ አፕ ማደሻው ሁሉ በሮሚንግ ዳታ ይጀምራል። መስመሩ ሮሚንግ ላይ መሆኑና ዳታ ሮሚንግ መከፈቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሴቲንግ ውስጥ ዳታ ሮሚንግን ዝጋ፤ ለዳታ የሚጠቀመውን ሲም የሕንዱ አድርግ፤ የኢትዮጵያው መስመር አጭር መልእክት ለመቀበል ብቻ ክፍት ይሁን። ከመነሳትህ በፊት ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውለህ መስመርህ ሮሚንግ የተከፈተለት መሆኑን፣ ሕንድ ላይ መልእክት መቀበል፣ ጥሪ መቀበልና መደወል ምን ያህል እንደሆነ ለየብቻው ጠይቅ።

አንድ ነገር ደግሞ አሰመረበት፤ ሰው ሁሉ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። ሮሚንግ ላይ ስትሆን ሲደወልልህ ብታነሳም ትከፍላለህ። አገር ቤት ያለው ሰው ርካሽ የአገር ውስጥ ጥሪ እየደወለ ይመስለዋል። እናትየው ሆስፒታል ገብታ አክስት፣ አጎት፣ ጎረቤት፣ የዕድር ሰው ሁሉ በየተራ እንዴት ሆነች ብሎ ቢደውል የቅድመ ክፍያው ሂሳብ በአንድ ከሰዓት ያልቃል። ያኔ ለባንክ ኮድ ያስቀመጥከው መስመር ባዶ ይቀራል። ስለዚህ በመደበኛው አትደውሉ፣ በዋትስአፕ ብቻ ብለህ ለቤተሰብ ከወዲሁ ንገር።

መልስ 13 አንዲት እናት ጠየቀች፤ አዲስ ሲም ሲገባ ዋትስአፑ አይጠፋም ወይ? መልስ 14 አይጠፋም አላት። ዋትስአፕም ቴሌግራምም የተመዘገቡት በድሮው ቁጥር ነው፤ ሲም ቢቀየር በዚያው ይቀጥላሉ። ቁጥር ልቀይር ወይ ብሎ ከጠየቀ አይ ማለት ነው። አፑን አጥፍቶ እንደገና መጫን ግን አይገባም፤ ያኔ ኮድ ይጠይቃል።

ከዚህ በኋላ ክሩ ከዴልሂ ወጣ። መልስ 15 ላይ አንድ ሐጂ ለዑምራ ሊሄዱ መሆኑን ገልጸው ሳዑዲ ላይስ እንዴት ነው ብለው ጠየቁ። ሁለት ሰው በአክብሮት መለሰላቸው። እዚያ ሲም የሚሸጠው የጣት አሻራ ተነስቶ ስለሆነ ሌላ ሰው ሊገዛልዎት አይችልም፣ ፓስፖርትዎን ይዘው ራስዎ ይቅረቡ፤ ኤስቲሲ፣ ሞባይሊና ዜን የሚባሉት አሉ። ሐጂ መርቀው ሄዱ።

መልስ 18 የዱባዩን ነጋዴ መልሶ ጠራው፤ ኢንተርኔቱ ወዲያው ይሠራል ያልከው ልክ ነው፣ ግን ለምን ሁሉን አልነገርክም አለው። ኤምሬትስ ውስጥ በዋትስአፕ መልእክት ይላካል፤ የድምፅና የቪዲዮ ጥሪው ግን ይዘጋል። በአገሩ የተፈቀዱ የመደወያ አፖች አሉ፤ ቤተሰብም ያንኑ አፕ መጫን አለበት። ስንት እናት ልጄ ዱባይ ደርሳ ስልኬን አላነሳችም ብላ ስትጨነቅ እንደምታድር ይቆጠር አለ። ከዚህ ወሬው ወደ አረብ አገር ወደሚሄዱ እህቶቻችን ዞረ። መልስ 19 የጻፈችው ቤሩት ሠርታ የተመለሰች ሴት ናት። ሲሙ በአሠሪዋ ስም ስለነበር ሥራውን ስትለቅ ቁጥሩም ቀረ፤ በዚያ ቁጥር የከፈተችው ፌስቡክ፣ ዋትስአፕና የሰዎቿ ስልክ ሁሉ አብሮ ቀረ። ምክሯ ይህ ነው። ዋትስአፕና ቴሌግራማችሁን ከኢትዮጵያ ቁጥራችሁ አታላቅቁ፤ የእናታችሁንና የአንድ ወንድማችሁን ቁጥር በቃል አጥኑ። ከርዕስ ወጥታችኋል ያላት ሰው ነበር። እኔ ከርዕስ የወጣች አልመሰለኝም። ውጭ አገር ያለን ሰው ከቤቱ ጋር የሚያገናኘው ምንድን ነው ብለን ከጠየቅን እሷ የነገረችን ዋናውን ነው።

መልስ 21 ከሐዋሳ ሞያሌ የሚመላለስ ሹፌር ነው። ከያቤሎ አልፎ ሞያሌ ሲቃረብ ስልኩ ራሱ የኬንያን ኔትወርክ እንደሚይዝበት፣ እዚሁ አገሩ ሆኖ ሮሚንግ ውስጥ እንደሚገባ ጻፈ። የኔትወርክ ምርጫውን ከአውቶማቲክ ወደ ማንዋል ቀይሮ የኢትዮጵያውን በመምረጥ ገላገለው። አንዱ ሳፋሪኮም የሚጠቀም ሰው ምን ችግር አለበት፣ ያው አንድ ኩባንያ አይደል ሲል መልስ 23 አረመው። የኢትዮጵያው ሳፋሪኮም በ2022 እ.ኤ.አ. ለብቻው ፈቃድ ይዞ አገልግሎት የጀመረ ነው፤ የእኛ 251 ነው፣ የኬንያው 254። ድንበር ሲታለፍ ሮሚንግ ነው። ናይሮቢ የሚሰነብት ሰው ፓስፖርቱን ይዞ የኬንያ ሲም ቢያወጣ ይሻለዋል፤ ያለ ኤምፔሳ እዚያ ገበያ መውጣት ያስቸግራል።

ስለ ሌሎች አገሮች የመጡት አጫጭር ናቸው። ጣሊያን ለትምህርት የምትሄድ ልጅ፣ በአንድ የአውሮፓ ኅብረት አገር የተገዛ ሲም ከሰኔ 2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሌሎቹም የኅብረቱ አገሮች ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደሚሠራ፣ የዳታው መጠን ግን ሊገደብ እንደሚችል ተነገራት። ስዊዘርላንድ በዚህ ውስጥ የለችም፤ እንግሊዝም ወጥታለች። ጓንግዡ ዕቃ የሚያመጣ ነጋዴ በቻይና ሲም ዋትስአፕ፣ ቴሌግራምና ጉግል እንደማይከፈቱ፣ በውጭ ኢሲም ወይም በሮሚንግ ዳታ ግን እንደሚከፈቱ አስረዳ። ቱርክ ለሚቆዩ ደግሞ ከውጭ የገባ ስልክ ካልተመዘገበ ከ120 ቀን በኋላ በአገሩ ሲም መሥራቱን እንደሚያቆም ተጻፈ።

ከመልስ 27 እስከ 33 የእኛው የሁለቱ ኩባንያዎች ደጋፊዎች ጠብ ነው። ታቦር ላይ የማን ኔትወርክ ይበልጣል በሚል ተጀምሮ ስድብ ላይ ደረሰ። የመድረኩ አስተባባሪ ሁለት መልስ አጠፋ፤ አልፈዋለሁ።

መልስ 34 ግን ሁላችንንም መለሰን። ነርስ ናት። ይህን ሁሉ ስታወሩ የታካሚዋን ስልክ ማንም አላነሳም አለች። ልጁ ለመድኃኒት፣ ለምግብ፣ ለክፍያ ሲወጣ እናቱ አልጋ ላይ ብቻቸውን ናቸው። ቋንቋውን አይሰሙም። ምን ስልክ ነው የያዙት? ወጣቱ ወዲያው መለሰ፤ የቁልፍ ስልክ ነው፣ ቤት ትቼው ልሄድ ነበር አለ።

መልስ 36 እዚህ ላይ ያስገባው ነገር ሱቄ ለሚመጣ ሰው ሁሉ የምነግረው ነው። ተራ የቁልፍ ስልክ የሚሠራው በድሮው ኔትወርክ፣ በ2ጂ ነው። ሕንድ ውስጥ ጂዮ የሚባለው ትልቅ ኩባንያ በ2016 እ.ኤ.አ. ሲጀምር በ4ጂ ብቻ ነው የጀመረው፤ 2ጂ የለውም። የጂዮ ሲም እማማ ስልክ ውስጥ ቢገባ ዝም ይላል። ኤርቴልና ቪአይ የሚባሉት ሌሎቹ ኩባንያዎች ግን 2ጂ አላቸው። ስለዚህ ሲሙን የሚያወጣላቸው ሰው ለልጁም ለእናቱም ከኤርቴል ቢያወጣ ሁለቱም ይሠራሉ፤ በመካከላቸውም ያለ ኢንተርኔት ይደዋወላሉ።

መልስ 37 ለታመመ ሰው ስልክ ምን ያደርጋል፣ ማረፍ ነው ያለባቸው አለ። ነርሷ ጠንከር አድርጋ መለሰችለት። የልብ ሕመምተኛ ልጁ የት እንደደረሰ ሳያውቅ ሁለት ሰዓት ሲቆይ የሚያድርበትን ጭንቀት አልጋው አጠገብ ቆሜ አይቻለሁ አለች። ከስልኩ 2 ቁጥርን የልጁ አቋራጭ አድርጉላቸው፤ ተጭነው ሲይዙት ይደውላል። ድምፁን ከፍ አድርጉ። የልጁ የሕንድ ቁጥር፣ የሆስፒታሉ ስምና የክፍላቸው ቁጥር በትልቁ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ቦርሳቸው ውስጥ ይቀመጥ። ሰውየው ይቅርታ ጠየቀ።

መልስ 40 ላይ ወጣቱ የወሰነውን ጻፈ። የኢትዮጵያው ሲም አንደኛው ቦታ ላይ፣ ዳታ ሮሚንግ ተዘግቶ፣ ለኮድ ብቻ። ሁለተኛው ቦታ ባዶ ሆኖ የሕንዱን ይጠብቃል። ሆስፒታሉ በኢሜይል መልሶለታል፤ የፓስፖርትና የቪዛ ኮፒ ከፎቶግራፍ ጋር ይዘው እንዲመጡ፣ ሁለት የኤርቴል መስመር በማግስቱ እንደሚያወጡላቸው ነግረውታል። እናቱ ስልክ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ሲም ሲወጣ እንዳይጠፋ ከፓስፖርታቸው ሽፋን ውስጠኛው ገጽ ላይ በፕላስተር ይለጥፈዋል፤ የሲም መክፈቻ መርፌም ቦርሳው ውስጥ ከቷል። የሹፌሩን ቁጥር በወረቀት ጽፏል።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረው። የመጀመሪያዋ ሌሊት ላይ ለሹፌሩ ደውሎ ሂሳቡ ቢያልቅ ከዚያ ሆኖ እንዴት ይሞላል? መልስ 41 ወንድምህ ሐዋሳ ሆኖ ከራሱ ቴሌብር በቁጥርህ ላይ ካርድ ይሙላልህ አለው፤ አንተ ዴልሂ መሆንህ አያግደውም። እንዲለማመድበት ዛሬውኑ በትንሽ ብር ይሞክረው አለ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ወጣቱ ሂሳቡ እንደገባለት ጻፈ። የቀሩት መልሶች እግዚአብሔር ምሕረቱን ያውርድላቸው፣ አላህ ያሽራቸው፣ በሰላም ተመለሱ የሚሉ ናቸው።